መዝገቡ ሲናገር መስማት፦ የሰርቨር ሎግ በዚያው ደቂቃ እንዲደርሰን



በዚህ እትም የጀመዓችን የኮምፒውተር ክፍል ስለ ራሱ ስህተት ሊያወጋችሁ ነው። ይህን የምናደርገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአንዳንዶቻችሁ ስም እና ስልክ ቁጥር ያለበት ዝርዝር በእኛ ቸልተኝነት ለአደጋ ተጋልጦ ስለነበር፣ የሆነውን ሁሉ ማወቅ መብታችሁ ነው። ሁለተኛ፣ ከመካከላችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የምትማሩ አላችሁ። ነገ የባንክ፣ የሆስፒታል ወይም የወረዳ ሰርቨር ትረከባላችሁ፤ እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ እዚያም ይጠብቃችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጀመዓችን አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ይጠቀማል፤ ሊኑክስ ተጭኖበታል። የቂርኣት ቅጂዎች፣ የቱቶሪያል ወረቀቶች እና ለመውጫ ፈተና የሚሆኑ መለማመጃ ጥያቄዎች ይቀመጡበታል። ከካምፓሱ መረብ ውጭ አይታይም። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ የኢፍጧር ተመዝጋቢዎችን ዝርዝር እንይዝበታለን፦ ስም፣ የዶርም ቁጥር፣ ስልክ። ረመዳን ካለፈ በኋላ ዝርዝሩ መሰረዝ ነበረበት፤ አልሰረዝነውም። ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው።

ጠባቂ የሚሆነን ስክሪፕት ጽፈን ነበር። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ የይለፍ ቃል ከተሳሳተ በቴሌግራም መልእክት ይልክልናል። ሞከርነው፣ ሠራ፣ ተደሰትን። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ 8 ሰዓት ከ40 ላይ፣ አንድ ሰው የይለፍ ቃል እየገመተ መሞከር ጀመረ። 31 ጊዜ ተሳሳተ፤ በ32ኛው ገባ። የገባበት አካውንት ከተመረቀ የቆየ ወንድማችን ሲሆን፣ አካውንቱን አልዘጋነውም ነበር። የቴሌግራሙ መልእክት እኛ ዘንድ የደረሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ50 ነው። ማስጠንቀቂያው አራት ሰዓት ዘገየ። ሰውዬው ዝርዝሩን ይውሰድ አይውሰድ ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ስለዚህ ስሙ ያለበትን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አግኝተን ነገርን። ከዚያ ንግግር የከበደ ነገር በዚህ ዓመት አልገጠመንም።

ስክሪፕቱ አልተበላሸም ነበር። መዝገቡም እያንዳንዱን ሙከራ በሰከንዱ ጽፎታል። የተበላሸው በመዝገቡ እና በስክሪፕቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ መንገድ ነው።

ሎግ ምንድን ነው?

ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ የሚያጋጥመውን ይናገራል። «እገሌ ገባ»፣ «እገሌ የይለፍ ቃል ተሳሳተ»፣ «ዲስኩ ሊሞላ ነው»፣ «የመረቡ ገመድ ተነቀለ» ይላል። እነዚህን መልእክቶች ከየፕሮግራሙ ተቀብሎ በየፋይሉ የሚጽፍ አንድ ጸሐፊ አለ። የዚህ ጸሐፊ ጥንተ ስሙ ሲስሎግ ነው። ኤሪክ ኦልማን የተባለ የበርክሌይ ሰው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ ብሎ የሠራው ነበር፤ ጠቃሚነቱ ሲታይ ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ወረሱት። ዛሬ በብዙ ሊኑክስ ላይ ሥራውን የሚሠሩት አርሲስሎግ እና የሲስተምዲ ጆርናል ናቸው።

እያንዳንዱ መልእክት ሰዓት፣ የማሽኑ ስም፣ የተናጋሪው ፕሮግራም ስም እና ቃሉ አለው። ከዚህም ሌላ የክብደት ደረጃ ይሰጠዋል። ደረጃው ከ0 እስከ 7 ነው፤ 0 «ማሽኑ መሥራት አቁሟል» የሚባልበት ሲሆን 7 ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ነገሩ ይከብዳል። ይሁን እንጂ በደረጃው ብቻ መተማመን አይቻልም። የተሳሳተ የይለፍ ቃል ለማሽኑ ተራ ወሬ ስለሆነ ዝቅ ባለ ክብደት ይመዘገባል፤ ለእኛ ግን የሌባ ኮቴ ሊሆን ይችላል።

በር ላይ መቆም እና ኮቴ መቁጠር

ሎግ በሁለት መንገድ ይነበባል። ልዩነቱን ለማየት ከአንኮበር ቁልቁል ያለችውን አልዩ አምባን አስቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ እና ከሐረር የሚመጣው የነጋዴ ጉዞ ወደ ሸዋ ደጋ ከመውጣቱ በፊት የሚያርፍባት እና የሚገበያይባት፣ ሙስሊም ነጋዴዎች የሞሉባት ገበያ ነበረች። እንዲህ ባለ መተላለፊያ በር ላይ የቆመ ጠባቂ እያንዳንዱን ጭነት ሲያልፍ ያያል፤ አጠራጣሪውን ያስቆማል። ማታ የሚመጣ ጠባቂ ግን መሬት ላይ የቀረውን ኮቴ ይቆጥራል። ሁለቱም አንድ መዝገብ ያነባሉ፤ አንዱ ግን ሁልጊዜ ዘግይቷል።

በየሰዓቱ ፋይሉን ከፍቶ የሚያነብ ስክሪፕት ማታ እንደሚመጣው ጠባቂ ነው። ዘገባ ለማውጣት፣ ለምሳሌ በሳምንቱ ስንት ሰው እንደገባ ለመቁጠር ይበቃል። ሌባን ለመያዝ ግን መልእክቱ በተጻፈበት ቅጽበት ለስክሪፕቱ መድረስ አለበት።

የዚህን ጥቅም ዓለም ካወቀበት ታሪክ አንዱ የክሊፍ ስቶል ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራ የነበረ የከዋክብት ተመራማሪ ነው። በኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት ተገኘና ምክንያቱን እንዲያጣራ ተሰጠው። ያችን ሳንቲም ሲከተል አንድ ሰርጎ ገብ አገኘ። ስቶል በጠዋት የሚነበብ መዝገብ እንደማይበቃው ስለገባው በመገናኛ መስመሮቹ ላይ ማተሚያ መሣሪያዎችን አገናኘ፤ ሰውዬው የሚጽፈው ሁሉ በዚያው ሰዓት ወረቀት ላይ ይወጣ ነበር። ኋላም ሰውዬው ሲገባ በኪሱ የያዘው ፔጀር እንዲጮህ አደረገ። ፍለጋው በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ጀርመን አደረሰ። የእኛ የቴሌግራም መልእክት የዚያ ፔጀር የልጅ ልጅ ነው።

መልእክቱን ወደ ስክሪፕቱ የማስገባት ዘዴ

ፕሮግራም ሲነሳ አብሮት የሚከፈት የመግቢያ በር አለው፤ ባለሙያዎቹ መደበኛ ግቤት ይሉታል። በዚህ በር የሚመጣለትን መስመር በመስመር ያነባል፤ መስመር ከሌለ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስክሪፕታችሁን በፓይተንም ሆነ በሌላ ቋንቋ ስትጽፉ አንድ መስመር አንብቦ የሚወጣ ሳይሆን፣ አንብቦ፣ መርምሮ፣ ለሚቀጥለው የሚጠብቅ አድርጋችሁ ጻፉት።

ወደዚህ በር ሎግ ለማድረስ በብዛት የሚሠራባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው። የመጀመሪያው ቴይል የተባለውን ትእዛዝ ፋይሉን እየተከተለ እንዲያነብ አድርጎ ውጤቱን በፓይፕ ወደ ስክሪፕቱ ማገናኘት ነው። ጆርናሉን የሚጠቀሙም የራሱን የመከታተያ ትእዛዝ በዚሁ መልክ ያገናኙታል። ለመጀመር ቀላል ነው፤ እኛም የመረጥነው ይህን ነበር። ሁለተኛው ፋይሉን ጨርሶ መተው እና አርሲስሎግ ራሱ ስክሪፕቱን እንዲያስነሳ ማዘዝ ነው። አርሲስሎግ ለዚህ የተሠራ ክፍል አለው፤ ስክሪፕቱን አንድ ጊዜ ያስነሳና የመረጣችሁትን መልእክት ሁሉ በመግቢያ በሩ ያቀብለዋል። ስክሪፕቱ ከሞተም መልሶ ያስነሳዋል። እኛ አሁን ወደዚህ ተዛውረናል።

ጀማሪዎች አንዳንዴ ለእያንዳንዱ መልእክት አዲስ ስክሪፕት ያስነሳሉ። ጸጥ ባለ ቀን ችግር የለውም፤ በሴኮንድ መቶ መልእክት በመጣ ጊዜ ግን መቶ ስክሪፕት አብሮ ይነሳና ማሽኑ ጠባቂዎቹን ተሸክሞ ይወድቃል። አንድ ጠባቂ አስነሡ፤ እርሱ ሁሉንም ያንብብ።

ሳይሞላ የማይነሳው ሚኒባስ

አሁን ወደ አራቱ ሰዓታት እንመለስ። ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ወደ አንኮበር የሄደ ሁሉ ይህን ያውቃል። ሚኒባሱ ውስጥ ቀድማችሁ ገብታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ረዳቱ ግን ሰው ካልሞላ አይነሳም። በገበያ ቀን በአፍታ ይሞላል። ሰው በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ከሆነ ብርዱን ታቅፋችሁ ትጠብቃላችሁ።

በቴይል እና በስክሪፕታችን መካከል ግሬፕ የተባለውን ማጣሪያ አስገብተን ነበር፤ የይለፍ ቃል ስህተት የሚናገሩትን መስመሮች ብቻ እንዲያሳልፍ ነው። እንደ ግሬፕ ያለ ፕሮግራም ውጤቱን ለሰው ስክሪን ሲያሳይ እያንዳንዱን መስመር ወዲያው ይለቃል። ውጤቱ በፓይፕ ለሌላ ፕሮግራም ሲሄድ ግን ሥራ ለማቃለል ብሎ ቋት ውስጥ ያጠራቅማል፤ ቋቱ ሲሞላ ብቻ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ቋቱ በብዛት 4,096 ባይት ነው። አንድ የሎግ መስመር 100 ባይት ገደማ ቢሆን፣ ወደ 40 መስመር እስኪጠራቀም አንዱም አይንቀሳቀስም ማለት ነው።

የዚያ ሌሊት 31 መስመሮች ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ሲነጋ ፋይል ለመጫን የገቡ የራሳችን ልጆች ጥቂት ጊዜ የይለፍ ቃል ሲሳሳቱ ወንበሩ ሞላ፤ ሚኒባሱም ተነሳ። 31ዱ ከጠዋቶቹ ጋር በአንድ ጊዜ ደረሱን።

ለምን ስንሞክረው ሠራ? ማጣሪያውን በሞከርንበት ቀን ውጤቱን ያየነው በስክሪን ላይ ነበር፤ ስክሪን ላይ ደግሞ ቋቱ አይሠራም። ስክሪፕቱን ለብቻው ስንሞክርም ያሳለፍንለት የድሮ ፋይል በሺህ የሚቆጠር መስመር ስለነበረው ቋቱ ወዲያው ወዲያው ሞላ። እውነተኛው ሁኔታ፣ ጸጥ ያለ ሌሊት እና ጥቂት መስመር፣ በፈተናችን ውስጥ አልነበረም።

መፍትሔው አጭር ነው። ግሬፕ መስመር በመስመር እንዲለቅ የሚያደርግ የራሱ ምርጫ አለው፤ ያንን ማዘዝ። በፓይተን ለተጻፈ ፕሮግራምም ውጤቱን ሳያጠራቅም እንዲለቅ ማዘዝ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በመካከል የሚቆሙትን መቀነስ ነው። ማጣሪያውን ስክሪፕቱ ውስጥ አስገቡት፤ ሚኒባሱ ከነጭራሹ ይቀራል።

ዝምታ ሰላም አይደለም

ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ ስንፈትሽ ሌሎች ቀዳዳዎችም አገኘን።

የሎግ ፋይል እንዳያብጥ በየጊዜው ይቀየራል፤ አሮጌው ስሙ ተለውጦ ይቀመጣል፣ በቦታው አዲስ ይከፈታል። ቴይል በትንሿ የኤፍ ፊደል ከታዘዘ የሚከተለው የከፈተውን ፋይል ነው። ስሙ ቢለወጥም አሮጌውን ይዞ ይቀመጣል፤ አዲሱን አያይም። በትልቋ ኤፍ ከታዘዘ ግን ስሙን ይከተላል፤ ፋይሉ ሲቀየር አዲሱን ይከፍታል። የአንዲት ፊደል መጠን የጠባቂያችሁን ዕድሜ ትወስናለች። ፋይሉ በተቀየረ ሌሊት ጠባቂው ሳይሞት ይደነቁራል፤ እናንተ ግን «ዛሬ ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ» ትላላችሁ።

ለዚህ ያገኘነው መድኃኒት የልብ ትርታ ነው። ሎገር በተባለው ትእዛዝ በየአምስት ደቂቃው «አለሁ» የሚል መልእክት ወደ ሎጉ እንልካለን። ስክሪፕቱ ይህን ቃል ለአሥር ደቂቃ ካልሰማ መንገዱ ተዘግቷል ብሎ ይጮኻል። እንዲህ ሲሆን ዝምታ ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ስክሪፕቱም ከእነ ማሽኑ የወደቀ እንደሆነ እንድናውቅ፣ በየጠዋቱ ከፈጅር በኋላ አንድ አጭር የ«ደህና ነኝ» መልእክት ይልካል፤ ካልመጣ ተረኛው ሄዶ ያያል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰው ሳይነካው እንዲነሳም ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚነሳ አገልግሎት አድርገነዋል።

ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሌላ ነገር አለ። ስክሪፕቱ ቴሌግራምን እየጠበቀ ከቆመ አዲስ መስመር አያነብም። ስለዚህ የማንበቡን እና የመላኩን ሥራ ለያየነው። አንባቢው ማስጠንቀቂያውን ፋይል ላይ ጽፎ ወደ ማንበቡ ይመለሳል። ላኪው ለብቻው አምስት ሰከንድ ሞክሮ ካልሆነለት ቆይቶ ይደግማል።

ስክሪፕቱ የሚናገረው ወደዚያው ሎግ እንዳይጻፍም ተጠንቀቁ። «የይለፍ ቃል ስህተት አየሁ» ብሎ ቢጽፍና የራሱን ቃል መልሶ ቢያነብ፣ እንደገና «አየሁ» ይላል፤ ማብቂያ የለውም።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

እኛ አገር ላለ ሰው ይህ በተለይ ያደናግራል። ብዙ ሰርቨር ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይጽፋል፤ የእኛ ከዚያ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። በቃል ስንናገር ደግሞ ስድስት ሰዓት እንቀንሳለን ወይም እንጨምራለን። የዚያ ሌሊት የመጀመሪያው መስመር ሎጉ ላይ የተጻፈው 23፡40 ተብሎ ነው። ይህ በአገራችን 02፡40፣ በአነጋገራችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው። ቀኑም በሎጉ ላይ ገና ትናንት ነበር። «ትናንት ማታ 5 ሰዓት ከ40 ላይ ማን ነበር?» ብለን ስንጠያየቅ ግማሽ ቀን አጥፍተናል። የድሮው የሲስሎግ አጻጻፍ ዓመተ ምሕረት እንኳ አይጽፍም። አሁን ስክሪፕታችን በማስጠንቀቂያው ላይ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ይጽፋል።

ሲቆጠርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዳንድ ሲስተም ተመሳሳይ መልእክት ሲደጋገም «መልእክቱ 2 ጊዜ ተደግሟል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ይጽፋል። መስመር የሚቆጥር ስክሪፕት ሦስቱን ሙከራ ሁለት ይለዋል፤ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ማንበብ አለበት።

መስመሩን አትመኑ፣ ሰውንም አትቸኩሉበት

የሎግ መስመር ውስጥ ያለው ቃል ሁሉ የማሽኑ ቃል አይደለም። የሚገባው ሰው የተጠቃሚ ስም ብሎ የጻፈው ነገር እንዳለ ይመዘገባል። ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ ትእዛዝ ሊጽፍ ይችላል፤ ስክሪፕታችሁ መስመሩን ወስዶ ለሊኑክስ እንደ ትእዛዝ ካቀበለ በሩን ራሳችሁ ከፈታችሁለት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2021 ሎግ4ጄ በተባለው የጃቫ የሎግ መሣሪያ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ዓለምን ያስደነገጠው ለዚህ ነው፤ አንድ የተንኮል ቃል ሎግ ላይ መጻፉ ብቻ ማሽኑን ለባዕድ ያስረክብ ነበር። መስመር ይነበባል፣ ይቆጠራል፤ አይፈጸምም።

ከስህተቱ በኋላ አንዳንዶቻችን «አምስት ጊዜ የተሳሳተ አድራሻ በራሱ ይዘጋ» አልን። ይህን የሚሠራ ፌይልቱባን የተባለ የታወቀ መሣሪያ አለ። ነገር ግን በካምፓስ ዋይፋይ የሚገናኙ ብዙ ተማሪዎች ለሰርቨሩ እንደ አንድ አድራሻ ሊታዩ ይችላሉ። አንዱ ሲሳሳት የአንድ ሕንፃ ተማሪ ሁሉ ይዘጋበታል። ስለዚህ መርጠን ማስጠንቀቂያው ወደ ሰው እንዲመጣ አደረግን፤ የሚዘጋው አድራሻው ሳይሆን የተሞከረበት አካውንት ብቻ ነው፣ ያውም ለጊዜው።

በዚያው ሰሞን «ከእገሌ ሕንፃ ነው» የሚል ወሬ ተነስቶ ነበር። አድራሻው ሰው አያሳይም፤ ማን እንደሆነም አላወቅንም። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የሚለውን እና የሰውን ነውር አትሰልሉ የሚለውን አደራ ሱረቱል ሑጁራት አንድ ላይ እንደያዘች ሁላችን ቀርተናል። ሁለቱም እዚህ ሥራ ላይ ይገባሉ። ሎግ ማን መቼ እንደገባ ይናገራል፤ ሌባ ለመጠበቅ የሰበሰብነው ነገር እህት ወንድምን ለመከታተያ እንዳይውል ድንበር ያስፈልገዋል። የአገራችንም ሕግ በዚሁ ጉዳይ ላይ ተናግሯል፦ ያለ ፈቃድ ሰርጎ መግባትን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፣ የሰውን መረጃ የያዘን ወገን ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ኃላፊ ያደርገዋል። ሰርጎ የገባው ሰው በአንደኛው ይጠየቅ ይሆናል። ዝርዝሩን ሳንሰርዝ ያቆየነው እኛም ያልተገባ ሥራ እንደሠራን አንክድም።

ዛሬ ያለንበት

የድሮ አካውንቶች ተዘግተዋል። የኢፍጧሩ ዝርዝር ተሰርዟል፤ ወደፊትም ኢንሻአላህ ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ይሰረዛል። ሎጉን የሚያዩት ሁለት ተረኞች ብቻ ናቸው፤ ከ30 ቀን በላይም አይቆይም።

ተመሳሳይ ጠባቂ ለምታቆሙ አንድ ፈተና እናደራችኋለን። ሰርቨሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ሆን ብላችሁ አንድ የተሳሳተ ሙከራ ብቻ አድርጉና ስክሪፕቱ እስኪያየው ድረስ ሰከንድ ቁጠሩ። ሺህ መስመር አትላኩበት፤ አንድ ብቻ። ከዚያ የሎግ ፋይሉ እንዲቀየር አድርጉና ያንኑ ድገሙ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ድገሙ። በመጨረሻ ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩና ድገሙ። በአራቱም ያ አንድ መስመር በጥቂት ሰከንድ ከተነበበ ጠባቂያችሁ ነቅቷል። እኛ ይህን ፈተና ለማድረግ አንድ ምሽት ይበቃን ነበር።

ስክሪፕቱን ማየት ወይም መማር የምትፈልጉ እህት ወንድሞች የኮምፒውተር ክፍሉን ተረኞች አነጋግሩ፤ እናሳያችኋለን። ስማችሁ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የነበረ እና እስካሁን ያላገኘናችሁ ካላችሁም ንገሩን። በድጋሚ አውፍ በሉን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።